በጠላት ቤት 144 ዓመት የኖረችው የፈረንሳይ መርከብ

የባሕር_እብድ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንግሊዝ የፈረንሳይንና የስፔንን መርከቦች በ1805 ስላሸነፈችበት የትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ስናወራ "ከዚያ ጦርነት የተረፉት የፈረንሳይ መርከቦች የት ገቡ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። መልሱ ስለሚረዝም ለብቻው ክር ከፈትኩለት። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

መርከቧ ዱጌ-ትሩዌን ትባላለች። ስሙ የሰው ስም ነው። ሬኔ ዱጌ-ትሩዌን የሴን ማሎ ልጅ ነበር፣ ንጉሡ ፈቃድ የሰጠው የባሕር ዘራፊ። በ1711 ሪዮ ዴ ጃኔሮን ይዞ ካሳ አስከፍሏል። እሱ ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1800 ሮሽፎር ላይ በስሙ የተሰየመች መርከብ ውኃ ነካች።

74 መድፍ ነበራት። ንድፉ የዣክ-ኖኤል ሳኔ ነው። ይህ መሐንዲስ አንድ ጥሩ ንድፍ አወጣና ፈረንሳይ በዚያው ንድፍ ከመቶ በላይ መርከብ ሠራች። እሷ ከነዚያ አንዷ ናት። የተወለደችው እንደ ልዩ ነገር አይደለም ለማለት ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ መኪና ናት።

ርዝመቷ 56 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 15 ሜትር የማይሞላ። አራት ተኩል ረጃጅም አውቶቡስ ደርድሩ፣ እሱን ያህላል። በዚያ ውስጥ ወደ 700 ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ይዋጋል።

ፈረንሳይ በእጇ ያቆየቻት አምስት ዓመት ከምናምን ነው። የቀረውን 144 ዓመት የኖረችው እንግሊዝ ቤት ነው። ሌላው ነገር፣ እስከ 1949 ነበረች! አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ማለት ነው።

ሌላውን ማታ እቀጥላለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ወለላዬ
ኧረ ጀምረህ አትሂድብን!! 😩

አባ_ጥያቄ
አንድ ጥያቄ። ከእንጨት የተሠራ ነገር 149 ዓመት ውኃ ላይ እንዴት ይቆያል? የኛ ቤት አጥር አምስት ክረምት አልቻለም።

አናጢው_ልጅ
ባለቤቱ እስኪመጣ እኔ ልመልስ፣ ሙያዬ ስለሆነ።

አንደኛ፣ እንጨቱ ኦክ ነው። ጠንካራ፣ ከባድ። እንዲህ ላለች መርከብ ከ2 ሺህ በላይ ዛፍ ይወድቃል። ቀጥ ያለ ዛፍ ብቻ አይበቃም። የጎን አጥንቷ እንዲጎብጥ ሲያድግ የጎበጠ ዛፍ ይፈለጋል። ጫካ ገብተው ዛፉ ቆሞ ሳለ "ይሄ ጉልበት ይሆናል፣ ይሄ የጎድን አጥንት ይሆናል" እያሉ ምልክት ያደርጉበት ነበር።

ሁለተኛ፣ ከውኃ በታች ያለውን አካሏን በመዳብ ቆርቆሮ ይሸፍኑታል። ሞቃት ባሕር ውስጥ እንጨት የሚበላ ትል አለ፣ ወንፊት አድርጎ ነው የሚተወው። መዳቡ እሱን ይከለክላል። ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። መዳብና ብረት ጨው ውኃ ውስጥ ከተገናኙ ብረቱ ይበላል። ስለዚህ ሚስማሩም መዳብ መሆን አለበት። ይህን እስኪያውቁ ድረስ ስንት መርከብ ሚስማሯ ሟሙቶ ችግር ላይ ወድቃለች።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቅም። እንጨት የሚያበሰብሰው የባሕር ውኃ ሳይሆን የዝናብ ውኃ ነው። ጨው ያቆያል፣ ልክ እንደ ቋንጣ። ከላይ የሚወርደው ጨው የሌለበት ውኃ ነው መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ የሚያሻግተው። አጥርህም የሞተው በዚያ ነው አባ ጥያቄ።

አባ_ጥያቄ
አጥሬን ቋንጣ ላድርገው? 😂 በደንብ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ።

የባሕር_እብድ
አናጢው፣ እጅህ ይባረክ። የቋንጣውን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንቀጥል። በ1803 ልጅቷ ካፕ ፍራንሴ ወደብ ላይ ናት፣ የዛሬዋ ሄይቲ። ናፖሊዮን ባርነትን ሊመልስ ጦር ልኮ ነበር፣ የሄይቲ ጥቁሮች ግን አልበገር አሉ። ወታደሩን የፈጀው ጥይት ብቻ አይደለም፣ ቢጫ ወባም ነው። ከውጭ ደግሞ የእንግሊዝ መርከቦች ወደቡን ዘግተዋል። በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት ከአንዲት ፍሪጌት (ከሷ የምታንስ ፈጣን የጦር መርከብ) ጋር ሹልክ ብላ ወጣች። አንድ የእንግሊዝ መርከብ አግኝቷት ተኩሶባት ነበር፣ ሳይዛት ቀረ። እዚያው የቀሩት የፈረንሳይ መርከቦች ኅዳር ላይ እጅ ሰጡ። በጥር 1, 1804 ሄይቲ ነፃነቷን አወጀች።

ታሪክ_ወዳድ
እዚህ ጋ ልግባ። ስለዚህች መርከብ ሲጻፍ ይህ ክፍል ሁሌ በአንድ መስመር ይታለፋል። ትራፋልጋር ግን አሥር ገጽ ያገኛል። ባሪያ ላለመሆን የተዋጉ ሰዎች የናፖሊዮንን ጦር ያሸነፉበት ቦታ ነው እኮ! መርከቧ ያመለጠችው ከእንግሊዝ ብቻ አይደለም፣ ከነሱም ጭምር ነው።

የባሕር_እብድ
ልክ ነህ፣ እኔም በአንቀጽ ነው ያለፍኩት። ተወቅሻለሁ።

ቀጥሎ ጥቅምት 21, 1805፣ ትራፋልጋር። ፈረንሳይና ስፔን 33 መርከብ፣ እንግሊዝ 27። ዱጌ-ትሩዌን በረድፉ መጀመሪያ በኩል፣ በአድሚራል ዱማኗር ሥር ነች። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን የመጣው ግን ረድፉን መሃልና ኋላ ላይ ሊቆርጥ ነው። ስለዚህ ከፊት ያሉት መርከቦች ጦርነቱ ከኋላቸው ሆነ። ነፋሱ ደካማ ነው። የሸራ መርከብ ደግሞ እንደ ሚኒባስ ዩ-ተርን አይመታም። ጀልባ አውርደው በመቅዘፊያ እየጎተቱ ነበር ያዞሯቸው። ዞረው ሲደርሱ ነገሩ አልቋል። ዱማኗር በሩቁ ተኩሶ አራት መርከቦቹን ይዞ ሄደ።

ታሪክ_ወዳድ
ሸሸ በል እንጂ "ሄደ" ምንድን ነው?

የባሕር_እብድ
እዚህ ላይ አንስማማም። ፍርድ ቤትም ቀርቦ ነጻ ወጥቷል። ዘግይቷል፣ አዎ። ግን አራት መርከብ ይዞ ያለቀ ጦርነት ውስጥ ቢገባ ምን ያተርፍ ነበር? አራቱንም ማስማረክ ነው።

ታሪክ_ወዳድ
ከሁለት ሳምንት በኋላ አራቱንም አላስማረከም እንዴ? 😏

ወለላዬ
ኧ? ተማረኩ?? እናንተ ፊልሙን ቀድማችሁ እየነገራችሁን ነው 😭

የባሕር_እብድ
ታሪክ ወዳድ አበላሸው፣ እናም ልንገራችሁ።

አራቱ መርከቦች ወደ ሮሽፎር ለመግባት ወደ ሰሜን አቀኑ። በመንገድ ላይ አንዲት የእንግሊዝ ፍሪጌት አዩና ማባረር ያዙ። ፍሪጌቷ ሮጠች። ወዴት? የእንግሊዙ አዛዥ ሰር ሪቻርድ ስትራካን ከነመርከቦቹ ወዳለበት። ጭራዋን እያሳየች ወጥመድ ውስጥ ከተተቻቸው። ስትራካን ደግሞ የሚፈልገው ሌላ የፈረንሳይ ጓድ ነበር፣ ያገኘው እነዚህን። ማን ያማርጣል?

ኅዳር 4, 1805 በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ኦርቴጋል አጠገብ ያዛቸው። ትልቆቹ መርከቦች አራት ለአራት ናቸው። ስትራካን ግን ፍሪጌቶችም አሉት። እነዚህ ትንንሽ መርከቦች ከኋላ እየመጡ እንደ ተርብ ይነድፋሉ።

አሁን ታችኛው የመድፍ ወለል ላይ ልውሰዳችሁ። እዚያ 28 ከባድ መድፍ አለ፣ 14 በአንድ ጎን። አንዱ ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ጥይቱ ብቻ ወደ 17 ኪሎ ተኩል ነው። አንዱን መድፍ ከ10 የሚበልጡ ሰዎች ናቸው የሚያንቀሳቅሱት። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ እያልክ ነው የምትሠራው። ሲተኮስ መድፉ ራሱ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ በወፍራም ገመድ ነው የሚያዘው። እግርህ መንገዱ ላይ ከነበረ አለቀ። ጭሱ ስለማይወጣ አጠገብህ ያለውን ሰው አታየውም፣ ጆሮህም አይሰማም። ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጥይቱ ራሱ እንኳ አይደለም። ጥይቱ ጎኗን ሲበሳ የሚፈናጠረው የኦክ ስንጥር ነው። ክንድ የሚያህል ስንጥር።

በዚያ ቀን የመርከቧ አዛዥ ክሎድ ቱፌ ተገደለ። ሁለቱ መርከቦች ቀድመው እጅ ሰጡ። ዱጌ-ትሩዌንና ሞን ብላን ለማምለጥ ሞከሩ፣ ተደረሰባቸው። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ተኩል ገደማ ሁሉም አለቀ። እንግሊዞቹ 24 ሞተውባቸዋል፣ 111 ቆስለውባቸዋል። ከፈረንሳይ በኩል የሞተና የቆሰለው ከ700 በላይ ነው።

ወለላዬ
ቱፌ ያሳዝናል 😔

አባ_ጥያቄ
የቁጥሩ ልዩነት ግን ለምን እንዲህ ሰፋ? መርከቡ ተመሳሳይ፣ መድፉ ተመሳሳይ።

የባሕር_እብድ
ልምምድ። እንግሊዞቹ ዓመት ከዓመት ባሕር ላይ ናቸው፣ የሰውን ወደብ ሲጠብቁ። ፈረንሳዮቹ በዚያው በታገደ ወደብ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ወደብ ውስጥ ሆነህ በማዕበል መተኮስ አትለማመድም። በዚያ ላይ የፈረንሳይ አብዮት ብዙ መኮንኖችን አባርሯል። መርከቡን በሁለት ዓመት ትሠራዋለህ፣ ሠራተኛውን ግን አትችልም።

እንግሊዞች አራቱንም ወሰዷቸው። ዱጌ-ትሩዌንን ጠግነው ስሟን ኢምፕላኬብል አሏት፣ "ምሕረት የለሽ" እንደማለት ነው። ለተማረከች መርከብ ትንሽ ጋነን ይላል።

አናጢው_ልጅ
አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዞች የፈረንሳይ መርከብ ሲማርኩ "ፈጣን ነው፣ ግን ሥራው ስስ ነው" እያሉ ያማርሩ ነበር። ቶሎ ይላላል፣ ጥገና ይበዛዋል ይባላል። ይህቺ ስስ የተባለችው ግን ሁሉንም ቀብራ ነው የሄደችው።

የባሕር_እብድ
ፍጥነቷ ደግሞ በ1808 ታየ። በባልቲክ ባሕር ስዊድን ከሩሲያ ጋር ጦርነት ላይ ናት። እንግሊዝ ስዊድንን ልትረዳ ሁለት መርከብ ላከች፣ ሴንቶርንና የኛዋን። የሩሲያ መርከቦች ሲሸሹ ሁለቱ ስዊድኖቹን ጥለው ቀደሙ። ነሐሴ 26 ቀን የኛዋ ከሁሉ ኋላ የቀረችውን ቭሴቮሎድ የምትባል የሩሲያ መርከብ ደረሰችባትና ባንዲራዋን አውርዳ እጅ እስክትሰጥ ደበደበቻት። የቀሩት ሩሲያዎች ሊያስጥሏት ዞረው ሲመጡ ግን ትታት መመለስ ነበረባት። መጨረሻ ላይ ቭሴቮሎድ መሬት ነክታ ቆመች፣ እንግሊዞቹ ያዟትና አቃጠሏት። የኛዋ 6 ሰው ሞቶባታል።

ፈረንሳዊ የነደፋት፣ ፈረንሳዮች የሠሯት፣ እንግሊዞች የሚነዷት መርከብ ስዊድንን ብላ ሩሲያን ወጋች። አውሮፓ ማለት ይህ ነው 😅

ከዚያ በ1840 ከግብጹ መሐመድ አሊ ጋር ግጭት ሲነሳ በሶርያ ጠረፍ ነበረች። በ1842 ከአገልግሎት ወጣች። የተዋጋችበትን ቀን ሁሉ ብትደምሩት ሁለት ሳምንት አይሞላም ባይ ነኝ።

አባ_ጥያቄ
እንዴ! ከ1842 እስከ 1949 ምን ስትሠራ ነበር ታዲያ?

የባሕር_እብድ
እኔ ክሩን የከፈትኩት ለዚህ ነው። ቆማ ነበር። ያተረፋትም መቆሟ ነው።

ከ1855 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ዴቨንፖርት ወደብ ላይ ለልጆች ማሠልጠኛ ሆነች። መርከበኛ ሊሆኑ የገቡ ልጆች ገመድ ማሰር፣ መቅዘፍ፣ ምሰሶ ላይ መውጣት የተማሩባት ናት። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል! ጓደኞቿ ባሕር ላይ ሲዞሩ ሰመጡ፣ ተቃጠሉ፣ ተፈለጡ። እሷን ግን በየቀኑ መቶ ልጅ ወለሏን ያጥባል። በምን ያጥባል? በጨው ውኃ 😄 የአናጢው ቋንጣ ትዝ አላችሁ?

ሊሸጧት ሲሉ በ1908 ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ጣልቃ ገቡ። በ1912 ዊትሊ ኮብ የሚባል ሀብታም ተረከባት። ይህ ሰውዬ የመርከብ እብድ ነው፣ እኔ ራሴን በስሙ ልጠራ ይገባኝ ነበር። ቀደም ሲል ኔልሰን የነበረባትን ፉድሮያንትን ገዝቶ አሳምሮ፣ በ1897 ብላክፑል ላይ ማዕበል ሰባብሮበታል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይተወዋል። እሱ ቦምቤይ የተሠራችውን ትሪንኮማሊን ገዝቶ ፉድሮያንት አላት፣ ልጆች ያሠለጥንባት ጀመር። የኛዋን ሲያገኝ ሁለት ሆኑለት።

የምጽዋ_ልጅ
ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ። የኛም "ኢትዮጵያ" የምትባለው መርከብ አሜሪካኖች ተጠቅመውባት በ1962 የሰጡን ናት። የሰው መርከብ ላይ ነው የተማርነው። ወለል ማጠቡንማ አታንሱብኝ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ነበር የሚያስነሱን። ክረምት የለ በጋ የለ። ስንጨርስ አለቃው በነጭ ጓንት ይዳብሰው ነበር።

ወለላዬ
ጋሼ እባክዎ የራስዎን ክር ይክፈቱልን 🙏🙏

የባሕር_እብድ
ጋሼ፣ እኔም እለምናለሁ። "ኢትዮጵያ" በ1991 የመን ከገባች በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን በቅጡ አልሰማንም።

የምጽዋ_ልጅ
እሱ ያስለቅሳል፣ ሌላ ቀን። ያንተን ጨርስ ልጄ።

የባሕር_እብድ
እሺ ጋሼ። የኔም መጨረሻ ያው ነው።

ኮብ በ1931 ሞተ። በ1932 መርከቧ ወደ ፖርትስመዝ ተወሰደች። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ከትሪንኮማሊ ጋር ሆና እንደገና ባሕር ኃይል ታሠለጥን ነበር። ያኔ ስሟን እንኳ ወስደውባታል፣ ኢምፕላኬብል የሚባል አዲስ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ስለተሠራ። ሁለቱም ፉድሮያንት ተባሉ። በ140 ዓመቷ ሦስተኛ ስም።

ጦርነቱ ሲያልቅ እንግሊዝ ባዶ ኪስ ናት። እንጨት የለም፣ አናጢ የለም፣ ሰው ቤት ፈርሶበት ጣሪያ ይጠብቃል። ለመርከቧ ጥገና የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ ነው። "የናንተ ናት፣ ውሰዷት" ብለው ለፈረንሳይ አቀረቡ። ፈረንሳይም ቤቷ ፈርሷል፣ አልፈልግም አለች።

ታኅሣሥ 2, 1949 ጎትተው ወደ ባሕር አወጧት። የፈረንሳይንና የእንግሊዝን ባንዲራ ጎን ለጎን ሰቀሉላት። ሆዷ ውስጥ ፈንጂ ተቀበረ፣ ማስመጫ ክብደት ተጫነ። ፈንጂው ፈነዳ፣ ታችዋ ወለቀ። እሷ ግን ወዲያው አልሰመጠችም። ኦኩ እንቢ አለ። ባንዲራዎቹ እንደተሰቀሉ ተንሳፍፋ ቆየች፣ ከዚያ ሄደች።

በእኛ ኅዳር 23 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው።

ወለላዬ
😭😭😭

ታሪክ_ወዳድ
ዱማኗርን ይቅር ብያለሁ። እነዚህን ግን አልልም።

አባ_ጥያቄ
እኔ ደግሞ እቃወማለሁ፣ አትስደቡኝ። ሰው ሥጋ በኩፖን እየበላ፣ ቤት አጥቶ፣ ለአሮጌ መርከብ ገንዘብ ይውጣ ብትሉት ማን ይሰማችኋል? እኔ ብሆንም አልሰጥም። የኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ አንዷ አለች፣ በቃ።

አናጢው_ልጅ
ገንዘቡ ይገባኛል። ግን ወደብ ዳር ትንሽ ጠግኖ፣ ከላይ ሸፍኖ ማቆየት ይቻል ነበር። ሸፍነህ ካቆየህ ሀብታም ቀን ይመጣል። የሰመጠውን ግን ሀብታም ቀን አያወጣውም።

ታሪክ_ወዳድ
ሕዝቡ የጮኸውም ከሰመጠች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የባሕር_እብድ
ጩኸቱ ለሌላ ጠቀመ። ቀድሞውኑ ለኢምፕላኬብል ሲሟገት የነበረው የግሪንዊች ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ኃላፊ ፍራንክ ካር፣ ያ ቁጭት ይዞት ሻይ ጫኟን ከቲ ሳርክን ለማዳን ተነሳ። በ1957 ንግሥቲቱ መርቀው ከፈቷት። ትሪንኮማሊም ተርፋለች፣ ዛሬ ሃርትልፑል ናት።

አባ ጥያቄ፣ አልሰድብህም። በዚያ ዓመት እኔም ብሆን ምን እንደምወስን እንጃ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በመድፍ ጊዜ የጠገኗት፣ በሰላም ጊዜ በሒሳብ ሰነድ ሄደች።

ለንደን_ነኝ
ሰላም፣ ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። ይህን ክር ሳነብ ደነገጥኩ፣ ለካ አይቻታለሁ! ግሪንዊች ሙዚየም ውስጥ ግድግዳ ላይ የመርከብ የኋላ ክፍል አለ፣ መስኮቶች የተደረደሩበት፣ በቅርጽ ያጌጠ። ቤት የሚያህል ነው። ልጄን አቁሜ ፎቶ አንስቻለሁ፣ ጽሑፉን ግን አላነበብኩም። አፍንጫዋ ላይ የነበረውም ምስል አለ፣ ፀጉሯ እባብ የሆነች ሴት።

የባሕር_እብድ
እሷ ናት! ሜዱሳ። ከመስመጧ በፊት ነቅለው ያስቀሩት ነው። በነዚያ መስኮቶች ውስጥ ነበር ቱፌ ቁጭ ብሎ የበላው። መልሕቅ የሚሳብበት ትልቁ መዘውር ደግሞ ሮሽፎር ሙዚየም ገብቷል፣ የተሠራችበት ከተማ።

አባ_ጥያቄ
እና አሁን የማን መርከብ ናት?

የምጽዋ_ልጅ
ወለሏን ያጠቡት ልጆች ናት።

ለንደን_ነኝ
ቅዳሜ ልጄን ይዤ ተመልሼ እሄዳለሁ። መስኮቶቹን ቆጥሬ እለጥፍላችኋለሁ።